የኦቦ ኢቲቻ ጎመን

ሰበታ፣ ኅዳር 19 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለያለምወርቅ፣ ኩዌት

ጤናሽን የላይኛው ይጠብቅልኝ፤ የሰው አገር ውሃ አይክፋብሽ። እኔ የአባትሽ የአጎት ልጅ ሰብለወርቅ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ልጅሽ ወንዲም አራት ዓመት ሞልቶት ደህና ነው። ደህና ነው ስልሽ በቀን አሥር ጊዜ ያናድደኛል ማለቴ ነው።

በስልክ አትጥሪኝ ያልኩሽ በምክንያት ነው። ማዳምሽ ስልክሽን ዓርብ ዓርብ ብቻ ትሰጥሻለች፤ አንቺ ከዚያ ትጮኺያለሽ፣ እኔ ከዚህ እጮኻለሁ፣ ተከራዮቼ ግድግዳው ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው ይሰሙናል። ወረቀት አይጮኽም። አባትሽ እስከ አሥረኛ ክፍል ያስተማረሽ ለዚህ ነውና ጻፊ።

ስለ ሰፈሩ ከጠየቅሽኝ፣ እንኳን አላየሽው። የፊት ለፊቱን ክፍል ለረምዚያና ለባሏ ለከድሩ አከራይቼዋለሁ። ሰውየው ገበያው ዳር ጨረቃ የተሳለበት ሥጋ ቤት አለው። ንጹሖች ናቸው፤ ይኼን አልክድም። ነገር ግን ሲበሉ በር ከፍተው ነው፤ የመጣውን የሄደውን «ና ብላ» ይላሉ። ልጅሽ ከልጃቸው ከኢክላስ ጋር ሲጫወት ይውላል፤ ምግብ ሲቀርብ ግን ጠርቼ አስገባዋለሁ። እኔ እንዲህ ያለ ልቅነት አልወድም።

በጓሮ በኩል ደግሞ ኢቲቻ አለ። ታውቂዋለሽ፣ ይኼን ቦታ የሸጠልን ገበሬ። መሬቱን ሸጦ ሸጦ የቀረችው አንዲት መደብ ናት፤ እሷንም ከአጥሬ ሥር እስከ ወንዙ ጎመን ተክሎባታል። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ አንገቱን ያወጣና «አከም ቡልተ፣ ሰብሌ» ብሎ እንዴት አደርሽ ይለኛል፤ እኩያዬ ይመስል። ከዚያ አንድ እቅፍ ጎመን ቀንጥሶ ያቀብለኛል፤ ለልጁ ይላል። አመስግኜ እቀበለውና ለበጌ እሰጣለሁ። የሰብለወርቅ ቤት ልጅ ጎመን ሲበላ ታየ ከሚባል ጦሙን ቢያድር ይሻለኛል። በክፉ ቀን ጎመን የበሉ ሰዎች አውቃለሁ፤ እስከ ዛሬ ከፊታቸው ላይ አልለቀቀም።

ልጅሽ የሚበላው የከተማ ልጅ የሚበላውን ነው። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ቀን መኮሮኒ፣ ማታ ነጭ ሩዝ በስኳር፣ በመሀል ብስኩት እንዳሻው። ባለፈው ሳምንት የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ መጥታ ክንዱን በወረቀት ሜትር ለካችው። «እማማ፣ ልጁ ተጎድቷል፤ ቫይታሚን ኤ ወደሚሰጥበት ጤና ጣቢያ ያምጡት» አለችኝ። ንፍጧን እየጠረግኩላት ያደገች ልጅ እኔን ምግብ ልታስተምር። ተጎድቷል የምትለው ልጅ የለበሰው ጃኬት የእሷን ደሞዝ ያወጣል። በሩን አሳየኋት።

የሚያናድደኝ አንድ ነገር ግን አለ። ልጅሽ ሰነፍ ሆኗል። ሲሮጥ ውሎ ጸሐይ ስትጠልቅ ድንገት ግድግዳ እየዳሰሰ መሄድ ይጀምራል። ብርጭቆ አቀብለኝ ስለው ከብርጭቆው ጎን ያለውን አየር ይጨብጣል። ሽንት ቤት ሂድ ስለው ደጃፉ ላይ ቆሞ «ጨልሟል» እያለ ያለቅሳል፤ ገና ሳይጨልም። አባቱም ሥራ ሲመጣ ዓይኑ የማያይ ሰው ነበር።

በጊንጪ በኩል ተማሪዎች ተነሥተዋል ይባላል፤ እዚህም ማጉረምረም ጀምሯል። ማስተር ፕላን የሚሉት ነገር አዲስ አበባን እስከ እኛ ጓሮ ሊያመጣት ነው አሉ። ኢቲቻ ጎመኔን ሊወስዱብኝ ነው ብሎ እንቅልፍ አጥቷል። ለመሆኑ ማን ይፈልገዋል?

ለገና መጋረጃ ላኪልኝ። ወፍራሙን፣ ብርሃን የማያሳልፈውን።

ሰብለወርቅ

*

ኩዌት፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሰብለወርቅ

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልኝ። ልጄን ይዘውልኛልና ውለታዎ ከራሴ ላይ አይወርድም። እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ሰፈሩ የጻፉት ይቆየኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ወንዲ ጸሐይ ስትጠልቅ ግድግዳ የሚዳስሰው በየቀኑ ነው ወይስ አንዳንድ ቀን? መብራት ሲበራ ይሻለዋል? የዓይኑ ነጩ ላይ፣ በጆሮው በኩል፣ የሳሙና አረፋ የመሰለ ነገር አለ? እባክዎ በቀን ብርሃን ፊት ለፊት አስቀምጠው ይዩልኝ።

እዚህ ቤት አንድ በቀቀን አለ። ጠዋት ከሰው ሁሉ በፊት የምሠራው የእሱን ቁርስ ነው። ካሮት እፍቅለታለሁ፣ እንቁላል ቀቅዬ አደቅለታለሁ፣ ጎመን የመሰለ ቅጠል እከትፍለታለሁ። የእንስሳት ሐኪሙ ነው ያዘዘው፤ ፍሬ ብቻ የሚበላ በቀቀን ዓይኑ ይታመማል ብሏቸዋል። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዕለት ካሮቱን ይዤ ብዙ ቆምኩ። 

መጋረጃውን በየወይንሐረግ እጅ ልኬያለሁ፤ ኮንትራቷ አልቆ ለሁልጊዜው መግባቷ ነው። ከመጋረጃው ውስጥ አንድ ብልቃጥ ጠቅልያለሁ። የዓሣ ጉበት ዘይት ነው፤ ቢጫ ቢጫ ፍሬ። በቀን አንድ፣ ካልዋጠው በመቀስ ጫፉን ቆርጠው አፉ ላይ ይጭመቁለት። እንቁላልም ቢያገኝ ደስ ይለኛል። ዶሮዎቹ አሁንም ይጥላሉ አይደል?

ጎመኑን ለበጉ መስጠትዎን ገርሞኝ ነው ያነበብኩት። በጉ ደህና ያያል?

ያለምወርቅ

*

ሰበታ፣ ጥር 24 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለያለምወርቅ

እንኳን ጥምቀትን በሰላም አሳለፈሽ፤ ምንም እንኳ አንቺ ዘንድ ተራ ረቡዕ ቢሆንም።

መጋረጃው ደርሶኛል። ዕቃ ማለት ይኼ ነው። በቀትር ስዘጋው ቤቱ ድብን ብሎ ይጨልማል፤ መንገደኛ ውስጤን አያይም። ያመጣችው የወይንሐረግ ግን ሦስት ዓመት ዓረብ አገር ኖራ ቅንድቧን ተላጭታ በቀለም ሥላው መጣች። ደጅ ላይ ተቀብዬ ደጅ ላይ ሸኘኋት።

ጥያቄ ደርድረሽብኛል። አዎን፣ በየቀኑ ነው። መብራት ሲበራ ጥቂት ይሻለዋል። አረፋሽን አላየሁም፤ መነጽሬ ተሰብሯል፣ ደግሞም የልጅ ዓይን እየገለጥኩ የምመረምር ሐኪም አይደለሁም። በጉን ለገና አሳርጄዋለሁ፤ እስከ መጨረሻው ደህና አይቷል። ከኔ ጋር በነገር መጫወት ከጀመርሽ እኔም አላንስም።

አሁን ወደ ፍሬዎችሽ ልምጣ። ውስጡ የዓሣ ዘይት ነው ብለሻል፤ ይሁን። ሽፋኑስ? ዲያቆኑን ጠየቅኩት፣ አላውቅም አለ። መድኃኒት ቤት ያለውን ልጅ ጠየቅኩት፣ ከከብት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነገር ነው አለኝ። እንግዲህ ያ ከብት በማን እጅ፣ በማን ስም ታረደ? በልጁ አንገት ላይ ማተብ ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ በአፉ ደግሞ የእስላም ሥጋ ልጨምቅለት? አንቺ ረስተሽው ይሆናል፣ እኔ አልረሳሁም። ብልቃጡን እንዳለ ለረምዚያ ሰጠኋት፤ ለልጇ ትስጥ፣ ለእነሱ ምንም አይደል። ሴትዮዋ ብልቃጡን አየት አድርጋ «ለወንዲ አይሻልም፣ እትዬ?» አለች። የማይመለከታት ነገር ውስጥ እጇን መክተት ትወዳለች።

ያ ኢቲቻም አለልሽ። ልጅሽ ሲመሽ አጥሩ ሥር ቆሞ ሳለ ኢቲቻ ስሙን ጠርቶ ጎመን ቢዘረጋለት፣ ልጁ ጎመኑን ሳይሆን አጥሩን ጨበጠ አሉ። «ሙጫን ኩን ሀልከን ህን አርጉ» ይለኛል፤ ልጁ ማታ አያይም ማለቱ ነው። ዳፍንት ነው አለ። ዳፍንት በእኔ ቤት! ዳፍንት ቂጣ በጨው ነክሶ የሚያድር ሰው በሽታ ነው። ያንን ለእሱ ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው።

ታኅሣሥን እንዴት እንዳሳለፍነው አትጠይቂኝ። አስፋልቱ ላይ ጎማ ሲነድ፣ ጥይት ሲተኮስ ነበር። የኢቲቻን ትልቁን ልጅ ከመንገድ ላይ ወስደውት የት እንዳለ አይታወቅም። አሁን ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ብለው ተናግረዋል፤ ሱሉልታም ቡራዩም ጋብ ብሏል። ኢቲቻ ግን «ልጄስ?» እያለ ይዞራል። መጀመሪያውኑ ልጁን ቤት ማስቀመጥ ነበረበት።

የሚበላ ነገር ሁለተኛ እንዳትልኪ።

ሰብለወርቅ

*

ኩዌት፣ የካቲት 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለእትዬ ሰብለወርቅ

እንደምን ሰነበቱ። ጾሙ ሳምንት ስለቀረው ቶሎ እንዲደርስዎ በምትመጣ ልጅ እጅ ሰድጄዋለሁ።

ታናሽ ወንድሜን ያስታውሳሉ። እሱም በአምስት ዓመቱ ሲመሽ ግድግዳ ይዳስስ ነበር፤ አባቴም እንደ አንቱ ሰነፍ መስሎት በልምጭ ገርፎታል። ኋላ አንዲት አሮጊት ዳፍንት ነው ብላ የበግ ጉበት አብሉት አለችና በሳምንቱ ከብቶቹን ማታ ራሱ አገባ። ከወንዲ ጋር አንድ ነው። ሰነፍ አይደለም፣ አባቱንም አልመሰለም፤ አያይም። ቀን ስለሚያይ አይታወቅም እንጂ አያይም።

እኔ ሃይማኖት አስተምርዎ ዘንድ አልደፍርም። ሆኖም የአራት ዓመት ልጅ ጾም እንደሌለበት ያሳደጉኝ ካህን ነግረውኛል፤ የአንቱንም ንስሐ አባት ይጠይቋቸው። በጾሙም ቢሆን እንቁላል ይቀቅሉለት። ይኼ ከከበደዎት በአጥሩ በኩል የሚሰጥዎትን ጎመን በዘይት አብስለው ይስጡት፤ ጎመን የጾም ነው። ካሮት አለ፣ ዱባ አለ፣ ፓፓያ አለ። ብስኩት ይቅርበት።

ለመምጣት አስቤ ነበር። እንደሚያውቁት ወደዚህ መሄድ ተከልክሏል፤ አንዴ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ስለዚህ እለምንዎታለሁ፣ መልሱን ቶሎ ይጻፉልኝ።

ያለምወርቅ

*

ሰበታ፣ መጋቢት 22 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለያለምወርቅ

ይኼን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ሰላምታውን ራስሽ ሙይው።

እንቁላል ቀቅይ ብለሽኛል። በየትኛው ድስት? ያለኝ ድስት ሁሉ የጾም ነው፤ የሁዳዴ ዋዜማ በአመድ ፈትጌ ያጸዳሁት ነው። አንድ እንቁላል ከገባበት ድስቱ ተገደፈ፤ ማማሰያው ተገደፈ፤ እኔም በእሱ ወጥ ስሠራ ገደፍኩ። ሃምሳ አምስት ቀን ጨጓራዬን አስጨንቄ በአንድ እንቁላል ላጣው? ንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው፤ ሳቁብኝ። «ሕፃን አይጾምም፣ ሰብለወርቅ፤ አብዪው፣ ድስቱንም እጠቢው» አሉኝ። ዛሬ ቄስ የሚሉት እንዲህ ቀልሏል። የድሮዎቹ ቢሰሙ ከመቃብር ይነሡ ነበር።

የሆነውን ልንገርሽ። ማክሰኞ ልጁን ጠርቼው አጣሁት። የረምዚያ በር እንደ ልማዱ ክፍት ነው። ብገባ ልጅሽ ከኢክላስ ጎን ተቀምጦ፣ እጁ እስከ አንጓው ቅባት ሆኖ፣ ጉበት ይበላል። በጾሙ መሀል፣ የከድሩን እርድ! ያም ብልቃጥ ከሰሐኑ አጠገብ ቁሟል። ለካ ከጥር ጀምሮ ፍሬውን በየቀኑ በመቀስ እየቆረጠች የምትጨምቀው ለእሱ ነው። ሴትዮዋ አልደነገጠችም። «እትዬ፣ ይቆጡኝ፣ ግን ልጁ ማየት ጀምሯል፤ ትናንት መብራት ጠፍቶ ጫማውን ራሱ አገኘ» አለችኝ።

እውነት ለመናገር እኔም አይቼዋለሁ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ሲመሽ ግድግዳ አይዳስስም። እና ምን ይሁን? ዓይኑን ሰጥታ ነፍሱን ስትወስድ ቆሜ ላመስግናት? በዚያው ቀን ክፍሉን ልቀቂ አልኳት። ከድሩ ሽማግሌ ላከ፣ አልሰማሁም። ባለፈው እሑድ ዕቃቸውን በአይሱዙ ጭነው ቡራዩ ወንድሙ ዘንድ ገቡ። ኢክላስ የምትባለው ልጅ መኪናው ላይ ሆና ወንዲን ስትጠራ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየን። እንዲህ ነው የሚያዋርዱሽ።

ልጁን ከበላው እንዲነጻ ቄደር ይጠመቅልኝ ብዬ ወሰድኩት፤ እኚያው ቄስ መለሱኝ። ሕፃን የሚናዘዘው የለውም፣ ይልቅ አንቺ ነይ አሉኝ። ደብር እለውጣለሁ።

ሰብለወርቅ

*

ኩዌት፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለእትዬ ሰብለወርቅ

ሰላምታዬን ከልብ ይቀበሉኝ፤ ከዚህ በታች ያለው ያንን ያህል አይጣፍጥምና።

ልጄ ማየት ጀምሮ ነበር። ይኼን የጻፉት በራስዎ እጅ ነው፤ ገጹን እየገለጥኩ አየዋለሁ። ማየት የጀመረውን ልጅ ከሚያበላው ሰው ለይተው መልሰው ብስኩት ሰጡት። ድስትዎ ግን ንጹሕ ነው። እግዚአብሔር በዕለተ ምጽአት ያንን ድስት ይዘው ሲመጡ ምን እንደሚልዎ ለማየት ብቻ አጠገብዎ ብቆም እወድ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ሦስት ዓመት ደብቄዋለሁ። እኔ እዚህ አገር ከገባሁ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ የምበላው ያንኑ ሥጋ ነው። መጀመሪያ ሩዙን ብቻ ለየሁ፤ ሩዙም በሥጋው መረቅ የተሠራ ነበር። ደረጃ ስወለውል ወደቅኩ። ተነሥቼ በላሁ። ማተቤ አንገቴ ላይ ነው፤ አልበጠስኩትም፣ ማንም አልበጠሰብኝም። የቤትዎ ቆርቆሮ፣ መንገደኛ እንዳያይዎ የሰቀሉት መጋረጃ፣ በእኔ እጅ የመጣልዎ ሁሉ ያንን ሥጋ የበላ ጉልበት ያመጣው ነው። ሲቀበሉ በማን ስም ታረደ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም።

ጎመን የበላ ሰው ፊቱ ላይ ይነበባል ብለዋል። እኔ የበላሁትስ የት ላይ ይነበባል?

ልጄን ለረምዚያ ይስጡልኝ። ቡራዩ ሩቅ አይደለም። አድራሻዋን ከከድሩ ሥጋ ቤት ሠራተኛ መጠየቅ ይቻላል። ማተቡን እንዳትፈታበት እኔ እነግራታለሁ፤ እሷም አትፈታውም። የምጠይቅዎ ይኼንኑ ብቻ ነው። ይኼን ካደረጉልኝ ሌላውን ሁሉ እረሳለሁ።

ያለምወርቅ

*

ኩዌት፣ ሰኔ 30 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለእትዬ ሰብለወርቅ

መልስ መጠበቅ ከጀመርኩ ሦስተኛ ወር ሆነኝ። ዓርብ ስደውል ስልክዎ ዝግ ነው። ክረምቱ እንዴት ነው? ወንዲ ሲመሽ ምን ያደርጋል?

ያለምወርቅ

*

ሰበታ፣ ነሐሴ 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለያለምወርቅ

የሚያዝያውን ደብዳቤሽን አንብቤ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። በዚያ አፍሽ እንዴት «ለተከበሩ» ትይኝ እንደነበር ይገርመኛል። ልጁን ለእነዚያ ሰዎች አልሰጥም። ሰብለወርቅ ያሳደገችውን ልጅ ሥጋ ሻጭ ቤት ጣለችው ተብሎ ሰንበቴ ላይ ልነሣ?

የመለስኩልሽ ልጁ ስለታመመ ነው። ሰፈሩን ኩፍኝ ገብቶበታል። ትኩሳቱ በርትቶበታል፤ ገላው ሽፍ ብሏል። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ብርሃንና የውጭ ሰው እንዳያየው ጓዳ አስተኝቼ መስኮቱን ባንቺው መጋረጃ ደፍኜዋለሁ። ዓይኑ ይጣበቅበታል፤ በሽታው ሲወጣ ይለቀዋል። የሚበላው ብዙም የለም፤ አጥሚትና ሻይ አጠጣዋለሁ። ኢቲቻ በአጥሩ «ዓይኑን ልየው» ይላል። ምን አገባው?

መንገዱ ደግሞ እንደገና ተበላሽቷል። ሰው ቤት ለቤት ተቀምጧል። ስለዚህ ሐኪም ምናምን ብለሽ አትጨቅጭቂኝ።

ሰብለወርቅ

*

ቡራዩ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለያለምወርቅ

ከላይ ያለውን የከተማ ስም በስሕተት የጻፍኩት እንዳይመስልሽ። ያለሁት ረምዚያ ቤት ነው።

ጳጉሜን አልፎ ኩፍኙ ለቀቀው። የመስቀል ሰሞን መጋረጃውን ገለጥኩት። ልጁ ቀና ሲል የግራ ዓይኑ ብሌን ነጭ ሆኗል፤ የተቀቀለ እንቁላል ይመስላል። ሌላ ነገር ይመስላል ልልሽ ፈልጌ አጣሁ። ቀኙም ደብዝዟል። ጸበል ወሰድኩት፣ ሦስት ቀን። ዓይኑን ይዞ ማልቀስ ሲያቆም ነው የፈራሁት።

ከዚያ ያ ሳምንት መጣ። ቢሾፍቱ ላይ በእሬቻው የሞቱት ሰዎች ወሬ ሲደርስ ከተማው ነደደ። ከፋብሪካዎቹ የሚወጣው ጭስ ጓሮዬ ድረስ ገባ። የቤቴ በር ተደበደበ። ልጁን አቅፌ ጓዳ ተቀመጥኩ፤ ኢቲቻ ቦታውን ሊያስመልስ ሰው ይዞ መጣ ብዬ። ዝም ሲል በቀዳዳ አየሁ። ኦቦ ኢቲቻ ደጃፌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ጎረምሶቹን «ቤቴ ነው፣ እለፉ» ይሏቸዋል። ልጃቸው እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ እሳቸው ግን የእኔን በር ይጠብቃሉ። እስኪመሽ አልተነሡም።

በማግሥቱ ሳልጠራቸው ገቡ። ወንዲን አዩትና በጀርባቸው አዝለውት ወጡ። እኔ ተከተልኩ። በእርሻው ውስጥ ለውስጥ ፉሪ ድረስ በእግር፣ ከዚያ የተገኘው ታክሲ አዲስ አበባ አደረሰን።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። የግራው አልቋል አለችኝ፣ ቀኙን እንሞክራለን። ኩፍኙ ብቻውን እንዲህ አያደርግም፣ ቀድሞውኑ ቫይታሚን ኤ ጎድሎት ነበር አለች። ከዚያ አንዲት ፍሬ አወጣችና ጫፏን በመቀስ ቆርጣ አፉ ላይ ጨመቀችለት። ያለም፣ ዘመዷን አይቻታለሁ፤ ያን ጊዜ ከመጋረጃሽ ውስጥ ጠቅልለሽ በላክሽው ብልቃጥ ውስጥ። ሽፋኗ ከምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። «ምን ይበላል?» ስትለኝ ብስኩቱንም ሩዙንም ነገርኳት። «ምን ቢበላ ይድን ነበር?» አልኳት። «ጎመን» አለች። ኦቦ ኢቲቻ አጠገቤ ቆመው ነበር። መሬት አየሁ።

ነገም ከሁለት ሳምንት በኋላም ይመለስ ተባለ። ወደ ሰበታ መንገዱ ተዘግቷል። የአክስቴ ልጅ ዓባይነህ አዲስ አበባ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት አለው፤ ስንት ጊዜ የኮራሁበት ዘመዴ። በር ላይ ሆኖ «ጊዜው ግርግር ነው፣ ቤቱም ጠቧል» አለኝ። ልክ እኔ የወይንሐረግን እንደሸኘኋት ሸኘኝ።

የከድሩን ወንድም ቤት አጠያይቀው ቡራዩ ያደረሱን ኦቦ ኢቲቻ ናቸው። የረምዚያ በር እዚህም ክፍት ነው። ስታየኝ አንድ ቃል አልወቀሰችኝም፤ ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ወንዲን ተቀብላ ጭኗ ላይ አደረገችው። ለእኔ ገበያ ሄዳ አዲስ ድስት ገዛችና «ሥጋ ነክቶት አያውቅም፣ እትዬ፣ አይጠራጠሩ» ብላ ጎመን ሠራችልኝ። በላሁት። ለወንዲ ጉበት ስታቀርብለት ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ፤ አልከለከልኩትም። እንዲያ ያለች ሴት ናት ከቤቴ ያስወጣኋት። ስድብ ፈልጌ ነበር ለራሴ፤ ለሰው ሁሉ ሳድል ኖሬ አለቀብኝ መሰል ለራሴ የሚበቃ አጣሁ።

ትናንት ወዲያ ሦስተኛው ፍሬ ተሰጠው። ቀኙ ይተርፋል ብለዋል። ዛሬ ሲመሽ ኢክላስ ብርጭቆ ያዘችለት፤ ጭንቅላቱን ዞር አድርጎ በቀኙ እያየ ብርጭቆውን ራሱን ጨበጠው።

ኦቦ ኢቲቻ መንገዱ ሲከፈት ተመልሰው ጎመናቸውን በአይሱዙ ልከውልናል። ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ ይቅርታ ስላልገባኝ አይደለም፣ ዋጋው ስለገባኝ ነው።

ሰብለወርቅ

*

ኩዌት፣ ኅዳር 3 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለእትዬ ሰብለወርቅ

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ቲኬቱን ቆርጫለሁ፤ እንዳልኩዎት መመለሻ የለውም።

ቡራዩ ነው የምገባው፤ ወንዲን ከዚያ እንዳያነሡት። አንቱ ወደ ሰበታዎ ይመለሱ፤ ደጅዎን የጠበቁልዎ ሰው ጎመናቸውን ብቻቸውን እንዳይቀነጥሱ ያግዟቸው። መጋረጃውን አውርደው ለማንም ይስጡልኝ። እኔና አንቱ እንገናኛለን፣ ግን ቶሎ አይሁን። አሁን ባገኝዎት የምናገረውን አውቀዋለሁ፤ ልጄ እንዲሰማው አልፈልግም።

ለረምዚያ ይንገሩልኝ። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ማታ ነው፤ አትጠብቀኝ። ቦሌ ወንበር ላይ አድሬ ጸሐይ ከወጣች በኋላ እመጣለሁ። ስገባ ልጁን ደጅ፣ ብርሃን ላይ ታስቀምጥልኝ። እኔ በቀኙ በኩል እቆማለሁ።

ያለምወርቅ